ኒኬል ወይስ አይሪዲየም ካንዴላ? አዲስ ኮይል ወይስ ያገለገለ የሶማሌ ተራ? ለቤንዚን ፒክአፕ ገዢዎች

ዓባይ በረሃ ውስጥ መኪና ሲያነክስ ሁለት ነገር አይጠፋም፤ ሙቀትና መካሪ። ቆርቆሮና ሚስማር ጭኜ ከአዲስ አበባ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ፣ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁለቱን በሰላም ወርጄ፣ ድልድዩን ተሻግሬ፣ የደጀንን ዳገት እንደጀመርኩ የሃይሉክሴ ሞተር መንቀጥቀጥ ጀመረ። አቁሜ ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳልረግጥ፣ ሳዳምጠው ደህና ነው። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ስረግጠው ያነክሳል። ከኋላዬ የነበረ የሲኖትራክ ሾፌር ወርዶ «ቤንዚኑ ነው፣ ውኃ አለበት» አለኝ፤ ረዳቱ ደግሞ «ፊልትሮ ነው» አለ። እንደምንም እየተጎተትኩ ደጀን ገባሁ። እዚያ ያገኘሁት ወጣት መካኒክ አንድ ብሎን ሳይፈታ «ጋሼ፣ ኮይል ነው፤ አራቱንም ይቀይሯቸው» አለኝ።

ቀየርኩ። ስም የሌለው፣ ካርቶኑ ብቻ የሚያምር ኮይል ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላው ከአራቱ አንዱ እዚያው ዳገት ላይ ሞተ። ነገሩ የገባኝ በኋላ ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ካንዴላዎቹን፣ ሲሊንደር ውስጥ ብልጭታ የሚያወጡትን፣ ፈትቶ መዳፌ ላይ ሲያስቀምጥልኝ ነው። ብልጭታው የሚዘልበት ክፍተታቸው 1.1 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው በዓይን እስኪታይ ሰፍቷል። «ኮይልህን የገደለው ይኼ ነው» አለኝ። «ርካሹን ትተህ ውዱን ቀየርህ።»

ኮይል የባትሪውን 12 ቮልት ተቀብሎ ወደ 20 ሺህ፣ ሲያስፈልግም ከ30 ሺህ በላይ ቮልት ያደርሰዋል። ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ግን ኮይሉ አይደለም። የካንዴላው ክፍተት በሰፋ ቁጥር፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው አየርም በበዛ ቁጥር፣ ብልጭታው ለመዝለል የሚጠይቀው ቮልት ይጨምራል። ሚኒሞ ላይ የሚገባው አየር ጥቂት ስለሆነ ያረጀ ካንዴላም ደካማ ኮይልም ይወጡታል። ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ሲረገጥ ግን ሲሊንደሩ በአየር ይሞላል፤ ያን ጊዜ ኮይሉ ያለ የሌለ አቅሙን አውጥቶ ካልቻለ፣ እሳቱ ኮይሉን ከካንዴላው በሚያገናኘው ላስቲክ በኩል ወደ ቴስታታው፣ ወደ ሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ያመልጣል፤ ወይም ኮይሉን ከውስጥ ይበላዋል። ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ጎጃም ውስጥ «ከተማ ውስጥ ደህና ነው፣ በረሃው ላይ ነው የሚያስቸግረኝ» የሚል የቤንዚን መኪና ባለቤት ስትሰሙ ዛሩ ተነስቶበት አይደለም፤ ካንዴላው ወይ ኮይሉ ሚኒሞ ላይ የደበቀውን ገመና በረሃው እያወጣበት ነው።

ስለዚህ ማወዳደር ከካንዴላ ይጀምራል፤ ኮይል ቀጥሎ ነው።

ገንዘብ ከመቁጠር በፊት ኮፈኑን ክፈቱ

አብዛኛው የጎጃም ፒክአፕ ናፍጣ ነው። የናፍጣ ሞተር በእሳት ብልጭታ አይሠራም፤ አየሩ ታምቆ ሲግል ነዳጁ በራሱ ይነዳል። እነዚያ ያላቸው ካንዴሌታ ነው፤ ጠዋት ሞተሩን የምታሞቀው ቀጭኗ። ካንዴላና ካንዴሌታን አንድ አድርጎ በስልክ አዝዞ የተሳሳተ ዕቃ በአውቶቡስ የመጣለት ሰው አውቃለሁ፤ የመልሱን ጭነት ራሱ ነው የከፈለው። ናፍጣ ያለው ከዚህ በታች ያለውን ባያነብም አይጎዳም።

ቤንዚን ከሆነ ደግሞ እሳቱ የሚከፋፈልበት መንገድ ሦስት ነው። የድሮው ሃይሉክስ ባለ 22አር ሞተር አንድ ኮይል፣ እሳቱን በየተራ የሚያከፋፍል አንድ ዲስትሪቢዩተርና እሳቱን ወደ ካንዴላዎቹ የሚወስዱ አራት ካቦ አለው። የግሬት ዎል ፒክአፕ ላይ የሚገኘው 491 የሚባለው ሞተርም ከቶዮታ 4ዋይ የተቀዳ ስለሆነ የካንዴላው ነገር ለድሮ ቶዮታ ቅርብ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ዲስትሪቢዩተር የሌለው፣ ግን አንድ ኮይል ለሁለት ሲሊንደር የሚያገለግልበት ነው። ሦስተኛው እንደኔው 2.7 ሊትር 2ቲአር፣ እያንዳንዱ ካንዴላ አናቱ ላይ የራሱ ኮይል የተሰካበት ነው።

የኒሳን ዜድ24 ባለቤት ከሆናችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር ቢሆንም ካንዴላው ስምንት ነው። አራት ገዝቶ አራቱን አሮጌ እዚያው ትቶ «ቀይሬ ምንም ለውጥ የለውም» ብሎ ሻጩን የሚረግም አይጠፋም።

ኒኬል፣ ፕላቲኒየም፣ አይሪዲየም

ልዩነቱ ጫፉ ላይ ያለው ብረት ነው። ኒኬል የሚቀልጠው በ1,455 ዲግሪ ነው፤ ፕላቲኒየም በ1,768፣ አይሪዲየም ከ2,400 በላይ። ብረቱ በጠነከረ ቁጥር ጫፉን ማቅጠን ይቻላል፤ የኒኬል መሃል ዘንግ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ሲኖረው የኤንጂኬ አይሪዲየም 0.6፣ የዴንሶው 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ጫፉ ሲቀጥን እሳቱ በትንሽ ቮልት ይዘላል፤ ማለትም ኮይሉ ያርፋል። የአይሪዲየም እውነተኛ ጥቅሙ ይኼ ነው። ጉልበት ይጨምራል የሚለውን ወሬ ተዉት፤ ያረጀ ኒኬል አውጥታችሁ አዲስ አይሪዲየም ስታስገቡ የሚሰማችሁ ለውጥ፣ አዲስ ኒኬል ብታስገቡም ይሰማችሁ የነበረው ነው።

ዕድሜውስ? ኒኬል ከ20 እስከ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። እኔ ለጎጃም መንገድ 20 ሺህ ላይ ፈትታችሁ እዩት፣ 30 ሺህ ላይ ቀይሩት እላለሁ። ለረጅም ዕድሜ የተሠራው አይሪዲየም 100 ሺህ ይዘልቃል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ገዢ የሚታለልበት ቀዳዳ አለ። ሁሉም አይሪዲየም ረጅም ዕድሜ አይደለም። የመሃሉ ዘንግ ብቻ አይሪዲየም ሆኖ ከጎን ታጥፎ ከፊቱ የሚቆመው ቀንድ ተራ ኒኬል የሆነ አለ፤ እሱ የሚያልቀው በኒኬሉ በኩል ስለሆነ 100 ሺህ አትጠብቁበት። ረጅሙን የሚሄደው በሁለቱም በኩል፣ በዘንጉም በቀንዱም፣ ውድ ብረት የተበየደበት ነው። ካንዴላውን ከካርቶኑ አውጥታችሁ ቀንዱን ከስር ተመልከቱት፤ ትንሽ ነጥብ የምታክል ሌላ ብረት ካለችበት እሱ ነው።

አንድ ኮይል ለሁለት ሲሊንደር በሚያገለግልበት ሞተር ላይ ይህ ነገር ይበልጥ ይከብዳል። በዚያ አሠራር ከካንዴላዎቹ ግማሾቹ እሳቱን በተገላቢጦሽ፣ ከቀንዱ ወደ ዘንጉ ነው የሚያዘልሉት፤ ስለዚህ የሚበላው ቀንዱ ነው። መሃሉ ብቻ አይሪዲየም የሆነ ካንዴላ እዚያ ማስገባት ለበር ሁለት ቁልፍ ገዝቶ መስኮቱን ክፍት እንደመተው ነው።

ፕላቲኒየም በመሃል ያለ ነው፤ የመኪናው መመሪያ እሱን ካዘዘ ግዙት፣ ካላዘዘ ተዉት።

ታዲያ የትኛው? መመሪያው አይሪዲየም የሚል ከሆነና ከምታምኑት ሰው ኦርጅናሉን ማግኘት ከቻላችሁ፣ እሱን። መመሪያው ኒኬል የሚል ከሆነ ኒኬል ይበቃል። አጠራጣሪ አይሪዲየምና አስተማማኝ ኒኬል ፊት ለፊት ከቆሙ ግን ያለ ማመንታት ኒኬሉን ውሰዱ። የአንድ አይሪዲየም ዋጋ ሦስት አራት ኒኬል ይገዛል፤ አስመስሎ የሚሠራው ሰውም የሚያየው ይህንን ነው፤ ድካሙን የሚክሰው ውዱ ነው። ውዱ ላይ ተጭበርብራችሁ 100 ሺህ እሄዳለሁ ብላችሁ ከምትረሱት፣ ኒኬሉን በየ20 ሺሁ ፈትታችሁ ብታዩት ለኮይላችሁም ለልባችሁም ይሻላል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ቤንዚኑ። ማደያ ሲደርቅ ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር እንገዛለን። ነጭ ጋዝ ይቀላቀልበት፣ ውኃ ይቀላቀልበት፣ የሚያውቀው ቀላቃዩ ነው። እንዲህ ያለ ነዳጅ ካንዴላውን ጥላሸት ሲያለብሰው አይሪዲየምም ከኒኬል እኩል ይደፈናል፤ ዋጋውን አይቶ አይራራለትም። በቀጭን ጫፉ ምክንያት በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግም አይወድም። መንገድ ዳር ቤንዚን የሚያዘወትር ሰው ኒኬል ቢይዝ ኪሳራው ይቀንሳል።

በካንዴላው ላይ የተጻፈውን ማንበብ

ሻጩ «ይኼ ለሃይሉክስ ነው» ሲላችሁ የትኛው ሃይሉክስ በሉት። ለ22አር የሚሆነው ኤንጂኬ ቢፒአር5ኢዋይ ወይም ዴንሶ ደብልዩ16ኢኤክስአር-ዩ ነው፤ ክፍተቱ 0.8 ሚሊ ሜትር፣ መፍቻው 21 ቁጥር። የኋለኞቹ ሞተሮች መፍቻቸው 16 ቁጥር፣ ክፍተታቸውም 1.1 ሚሊ ሜትር የሆነ ይበዛል። መጨረሻ ላይ 11 የሚል ቁጥር ካለ ክፍተቱ ከፋብሪካ 1.1 ተደርጎ ወጥቷል ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቁት የጥርሱን፣ ወደ ቴስታታው የሚጠመዘዘውን ክፍል፣ ርዝመት ነው። ዴንሶ ኬ20አር-ዩ እና ኬ20ኤችአር-ዩ በአንዲት ፊደል ነው የሚለያዩት፤ የመጀመሪያው የጥርስ ርዝመት 19 ሚሊ ሜትር፣ የሁለተኛው 26.5 ነው። አጭሩን ረጅም ቀዳዳ ውስጥ ብታስገቡት እሳቱ ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፣ ባዶው ጥርስም ጥላሸት ይሞላና ቀጣዩን ትክክለኛ ካንዴላ አላስገባ ይላል። ረጅሙን አጭር ቀዳዳ ውስጥ ብታስገቡትስ? ፒስተኑ ይመታዋል። ያ ደግሞ የካንዴላ ወጪ መሆኑ ቀርቶ የሞተር ወጪ ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ ጎን ለጎን አቁማችሁ ለኩ። አሮጌው ራሱ የተሳሳተ እንዳይሆን ግን ከመመሪያው ጋር አንድ ጊዜ አስተያዩት፤ ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት ምን እንዳስገባ አታውቁም።

የሙቀት ቁጥሩ ላይ ደግሞ የጃፓኖቹና የቦሽ አቆጣጠር ይገለባበጣል። ኤንጂኬና ዴንሶ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ፣ ማለትም ሙቀቱን ቶሎ የሚያስወግድ፣ ይሆናል፤ የኤንጂኬ 5 ከዴንሶ 16፣ የኤንጂኬ 6 ከዴንሶ 20 ጋር ይቀራረባል። ቦሽ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ይሞቃል። «ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ያለ አለኝ፣ ይሻላል» የሚል ሻጭ ስለ የትኛው ፋብሪካ እንደሚያወራ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ለደጋ ሌላ ካንዴላ ነው» የሚልም አለ። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ሳስቷል። አየሩ መሳሳቱ ለእሳቱ መዝለል ያቀልለታል እንጂ አያከብድበትም፤ የሚጎዳው የሞተሩን ጉልበት ነው። ባለ ኮምፒውተር ሞተር ነዳጁን ከአየሩ ጋር ራሱ ስለሚያመጣጥን መመሪያው ያለውን ቁጥር አስገቡ፣ አለቀ። ካርቡራተር ያለው 22አር ግን ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ደጋ ላይ ቤንዚን ይበዛበታልና ካንዴላው ይጠቁራል። እሱም ቢሆን መጀመሪያ የሚስተካከለው ካርቡራተሩ ነው። ካንዴላ በማሞቅ የካርቡራተርን ጥፋት መሸፈን ትኩሳትን በጋቢ እንደማከም ነው።

ኦርጅናል የሚባለው ቃል

ኤንጂኬ በ1936፣ ዴንሶ በ1949 እ.ኤ.አ. የተመሠረቱ የጃፓን ኩባንያዎች ናቸው፤ ዴንሶ ከራሱ ከቶዮታ ተከፍሎ የወጣ ነው። በቶዮታ ካርቶን ውስጥ የምታገኙትን ካንዴላ አውጥታችሁ ብታዩት የዴንሶ ወይም የኤንጂኬ ስም ታገኙበታላችሁ። ስለዚህ በራሱ በዴንሶ ካርቶን የመጣው ትክክለኛ ቁጥር በዋጋ ቀለል ካለ፣ የቶዮታን ካርቶን ለማስጌጥ ካልሆነ ተጨማሪ የሚከፈልበት ምክንያት አይታየኝም። ደግሞም ሁለቱም ፋብሪካዎች ታይላንድና ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያመርታሉ፤ ካርቶኑ ላይ «ጃፓን» ስላልተባለ ብቻ ፎርጅድ ነው ማለት አይደለም። በተቃራኒው አስመሳዩ «ጃፓን» የሚለውን መጻፍ አይረሳም።

ፎርጅዱን ለመለየት ካርቶን አትመኑ፤ ብረቱን እዩ። የታችኛዋን ቀለበት በጣት አዙሯት፤ በኦርጅናሉ ላይ ትዞራለች እንጂ በጥርሱ በኩል ወልቃ በቀላሉ አትወድቅም። ቀንዱ ልክ በመሃሉ ዘንግ አናት ላይ መዋል አለበት፤ ወደ ጎን የሸሸ ከሆነ መልሱት። ሸክላው ላይ ያለው ጽሑፍ ጥርት ያለ፣ ጥርሱ ለስላሳና ሻካራ ጠርዝ የሌለበት ይሁን። አይሪዲየም ነው ከተባለ የዘንጉ ጫፍ መርፌ የምታክል መሆን አለባት፤ ጫፉ ወፍራም ሆኖ ካርቶኑ አይሪዲየም ካለ ክርክር አያስፈልገውም። አራት ስትገዙ አራቱንም አውጥታችሁ ደርድሯቸው። አንዱ ከሌሎቹ በቁመት ወይም በቀለም ከተለየ አራቱም ተጠርጣሪ ናቸው። ሻጩ ካርቶን ሲከፈት ፊቱ ከጠቆረ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ኮይል፦ አራት ምርጫ፣ ሁለት የሚረባ

የብር ዋጋ አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ገበያ ቀን ውሸት ይሆናል። ማወቅ ያለባችሁ የዋጋውን ደረጃ ነው፤ ከላይ የቶዮታ ካርቶን፣ ቀጥሎ የዴንሶና የመሰሎቹ፣ ከዚያ ከሶማሌ ተራ የሚመጣው ያገለገለ፣ ከታች ደግሞ ስም የለሹ አዲስ። ያገለገለውና ስም የለሹ ዋጋ አንዳንዴ ይሳሳማል፤ ብዙ ሰው የሚወዛገበውም እዚያ ላይ ነው።

የቶዮታውና የዴንሶው ኮይል እንደ ካንዴላው አንድ ቤት ነው፤ በአስተማማኝ ሱቅ ካገኛችሁ የዴንሶውን ያዙ። ኒሳን ከሆነ ሂታቺ፣ ሚትሱቢሺ ከሆነ ዳይመንድ የሚል ስም በራሱ በአሮጌው ኮይል ላይ ተጽፎ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ያው ስም ባዲስ ሲገኝ መፈለግ ያለበት እሱ ነው። ኤንጂኬና ቦሽም ኮይል ይሸጣሉ፤ እኔ ሞክሬ ስለማላውቃቸው አላወድስም አልነቅፍም።

ስም የለሹ አዲስ ኮይል የኔን ሁለት ወር በልቷል። ከውጭ ሲያዩት ልዩነቱ አይታይም፤ ውስጡ ያለው የመዳብ ሽቦ ቅጥነትና የፈሰሰበት ሙጫ ነው የሚለየው። ሙጫው ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፣ እርጥበት ይገባዋል፣ ከዚያ እሳቱ ከውስጥ መውጫ ያገኛል። ከተማ ለከተማ ለሚመላለስ መኪና ዓመት ሊቆይ ይችል ይሆናል። በረሃ ለሚወርድ ለሚወጣ መኪና ግን ባልመክረው አይግረማችሁ።

ያገለገለው ላይ ሐሳቤ ከብዙ መካኒኮች ጋር ይገጥማል፤ ኦርጅናል ሆኖ ያገለገለ ኮይል፣ በትክክል ከተመረመረ፣ ከስም የለሽ አዲስ ይሻላል። «ከተመረመረ» የምትለዋን ቃል ግን አትዝለሏት። ሶማሌ ተራ ያለው ዕቃ ከየት መኪና እንደወጣ፣ ስንት መቶ ሺህ እንደሄደ ሻጩም አያውቅም። ሙጫው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ፈልጉ። የሶኬቱ እግሮች አረንጓዴ ዝገት ካለባቸው ውኃ ጠጥቷል። ላስቲኩን ጠምዘዝ አድርጋችሁ እዩ፤ ከተሰነጠቀ ወይም በዘይት አብጦ ከለሰለሰ ላስቲኩ መቀየር አለበት። በላስቲኩ ውስጥ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ጥቁር መስመር ካያችሁ እሳቱ መንገድ አበጅቶ ሲያመልጥ የኖረ ነው፤ እሱን ለሻጩ መልሱለት።

በኦም መለኪያ መመርመር ለድሮው ባለ ዲስትሪቢዩተር ኮይል ይሠራል። አናት ላይ የሚሰካው ባለ አራት እግር ኮይል ግን ውስጡ የራሱ ኤሌክትሮኒክስ ስላለው በኦም መለኪያ ደህና ነው ሞቷል ማለት አይቻልም፤ እንዲህ ብሎ የሚለካላችሁን ሰው ሥራ አትክፈሉት። ለዚህ ዓይነቱ ከመግዛታችሁ በፊት የመመለሻ ቀን ተስማሙና በዚያ ውስጥ ጭናችሁ ዳገት ውጡበት። ደብረ ማርቆስ ያለ ሰው ወደ ጮቄ የሚወጣውን መንገድ፣ ደጀን ያለ ደግሞ በረሃውን ራሱን። ሱቁ በር ላይ ሞተር አስነስቶ «ይኸው ይሠራል» ማለት ምንም አያሳይም፤ የኔም ሚኒሞ ላይ ሰላም ነበር።

ስትገዙ የእግሩን ቁጥር፣ የላስቲኩን ርዝመትና የብሎኑን ቀዳዳ ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። ባለ ሁለት እግርና ባለ አራት እግር ኮይል ከሩቅ ወንድማማች ይመስላሉ፤ አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው።

አንዱን ወይስ አራቱን?

ካንዴላ ሁሌም አራቱንም። ኮይል ግን የሞተውን ብቻ ለይቶ መቀየር ነውር የለበትም፤ «አራቱን ይቀይሯቸው» የሚለው ምክር ለሻጩ ነው የሚመቸው። የሞተውን ለመለየት ስካነር፣ የሞተሩን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ፣ ካለ የጥፋቱን ኮድ አንብቡ፤ ፒ0301 ካለ አንደኛው ሲሊንደር፣ ፒ0302 ካለ ሁለተኛው እሳት ስቷል ማለት ነው። ግን ኮዱ «ኮይል ሞቷል» አላለም፤ «እዚህ ሲሊንደር ውስጥ እሳቱ አልነደደም» ነው ያለው። ስለዚህ የአንደኛውን ኮይል አውጥታችሁ ሁለተኛው ላይ፣ የሁለተኛውን አንደኛው ላይ ሰክታችሁ ንዱት። ኮዱ ወደ ፒ0302 ከተዛወረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው። እዚያው አንደኛው ላይ ከቀረ ካንዴላውን አዛውሩና እዩ። እሱም ካልሆነ ወደ ነዳጁና ወደ ቫልቩ ነው የምትሄዱት፤ ኮይል ገዝታችሁ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ በከንቱ ነበር። ይህ ሙከራ የሚጠይቀው አንድ መፍቻና ሩብ ሰዓት ነው። ያ ደጀን ላይ ያገኘሁት ልጅ ይህችን ቢያደርግልኝ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ስካነር ከሌለ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ የኮይሎቹን ሶኬት አንድ በአንድ ንቀሉ። የትኛውን ስትነቅሉ ነው ሞተሩ ምንም ያልተለወጠው? እሱ ነው የማይሠራው። ኮይሉን ራሱን ግን ሞተሩ እየሠራ ከካንዴላው ላይ አታንሱት፤ መውጫ ያጣ 30 ሺህ ቮልት ወይ ኮይሉን ይገድላል ወይ እጃችሁን ያንቀጠቅጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ላቫጆ። ሞተር በግፊት ውኃ ካሳጠባችሁ ውኃው በኮይሉ ዙሪያ ወደ ካንዴላው ጉድጓድ ይወርዳል፤ በማግስቱ ሞተሩ ሲያነክስ ኮይል መሞቱ ላይሆን ይችላል። ኮይሎቹን አንስታችሁ በጨርቅና በአየር አድርቋቸው፣ ከዚያ ፍረዱ። በጉድጓዱ ውስጥ ያገኛችሁት ዘይት ከሆነ ደግሞ የቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን አፍስሷል፤ እሱን ሳትቀይሩ አዲስ ኮይል ብትሰኩ ላስቲኩ ዘይት ጠጥቶ ያብጥና እንደገና እዚያው ናችሁ።

ሲገጠም

ካንዴላ ሞተር ሳይቀዘቅዝ አይፈታም፤ አልሙኒየም ቴስታታ ትኩስ እያለ ጥርሱ ይላጣል። ጉድጓዱን ቀድማችሁ በአየር ንፉት፣ የሞጣ መንገድ አቧራ ሲሊንደር ውስጥ ምንም ሥራ የለውም። አዲሱን በእጅ ብቻ እስከ መጨረሻው አስገቡት፤ በእጅ ካልሄደ ጥርሱ ተዛንፏል፣ አውጥታችሁ እንደገና ጀምሩ። ቀለበት ያለው አዲስ ካንዴላ ቴስታታውን ከነካ በኋላ በመፍቻ ግማሽ ዙር ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ይበቃዋል። ያገለገለ ካንዴላ መልሳችሁ ስታስገቡ ቀለበቷ አስቀድማ ስለተጨፈለቀች ከነካ በኋላ የምትሰጡት በጣም ጥቂት ነው፤ ግማሽ ዙር ከሰጣችሁት ትበጥሱታላችሁ።

ክፍተቱን በቅጠል መለኪያ አረጋግጡ፤ በኒኬል ላይ ቀንዱን ቀስ ብሎ መጫን ይቻላል። አይሪዲየም ላይ ግን ጫፏ ተሰባሪ ናትና ምንም ነገር በመሃሉ አስገብታችሁ አትጠምዝዙ፤ ከፋብሪካ ካልተስተካከለ መልሱት።

ከኔ አራት ስም የለሽ ኮይሎች የተረፉት ሦስቱ አሁንም አሉ። አንዷን ከአንድ ትርፍ ኒኬል ካንዴላና ከ16 ቁጥር መፍቻ ጋር በጨርቅ ጠቅልዬ ከወንበር ሥር አስቀምጫታለሁ። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁለቱን ስጀምር አንዴ እነካታለሁ። ደጀን ድረስ ብቻ ነው የማምናት።